የታጠበው የንብ ማጨሻ

እኛ አገር ወንድ ልጅ በድንገት ሲሞት የሚባል አንድ ነገር አለ፤ «ከዛፍ ወደቀ» ይባላል።

ይህን የሰማ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። ማንኪራና ዙሪያዋ የማር አገር ነው። ወንዶቹ ቀፎ ለመስቀልና ማር ለመቁረጥ፣ ከታች ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ዛፍ ላይ ይወጣሉ። የወጣ ሰው ደግሞ ይወድቃል። አባቴም ወድቆ እግሩ ተሰብሮ፣ እስኪሞት ድረስ ሲያነክስ ነው የኖረው። ስለዚህ ነገሩ እውነት ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ እውነት ስለሆነ ሌላውን ነገር ለመሸፈኛ ይመቻል።

ያልወደቁም አሉ። ይህን ለመጻፍ ነው በዚህ ዕድሜዬ እስክሪብቶ የያዝኩት። ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎችን «ወደቁ» እያልን ቀብረናል። እኔም ብያለሁ። ደረቴን እየደቃሁ፣ «ምነው ያ ዛፍ ሳይበቅል በቀረ!» ብዬ አልቅሻለሁ። ዛፉ ምን አደረገ? ዛፉ ምንም አላደረገም።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ ነው። አፌን የፈታሁት በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ባሌ ካረፈ፣ ልጆቼም ጎጆ ከወጡ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ኮረሪማ፣ ጥምዝና የመሳሰለውን ቅመም በቋጠሮ ይዤ ከቦንጋ ሺሺንዳ፣ ከሺሺንዳ ቢታ ገነት እዞራለሁ። መሸጡ ለሰበብ ነው፤ ዋናው መዞሩ ነው። ልጆቼ «እማዬ፣ አሁንስ አታርፊም?» ይሉኛል። «ሳርፍ ነው የሚያመኝ» እላቸዋለሁ። በደረስኩበት ቤት አድራለሁ፣ ከአንዱ ቤት የተቀበልኩትን ሰላምታ ለሌላው አደርሳለሁ። ጠብ አልወድም፤ ስቆጣ ያየኝ ሰው ጥቂት ነው። ይህን ግን በቁጣ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የተጀመረው በስብሰባ ነው።

ኢሕአዴግ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ሚሊኒየሙም ተከብሮ አልፏል። «ኢንቨስተር» የሚሉትን ቃል በየገበያው መስማት የጀመርንበት ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ማንኪራ ውስጥ ከአባታችን የወረሰው ኮቦ ነበረው። ኮቦ ማለት በጫካው ውስጥ ያለ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ ነው። አጥር የለውም፣ ካርታ የለውም፤ ግን እያንዳንዱ ዛፍ የማን እንደሆነ አገሬው ሁሉ ያውቃል። ዛፉ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው፣ ከሥሩ ቡና የሚለቅመው ባለኮቦው ብቻ ነው። የወንድሜን ኮቦ ከጎረቤቱ ኮቦ የሚለየው አንዲት ጅረት ናት። ጎረቤቱ የልጅነት ጓደኛው ነው። ቀፎ ሲሰቅሉ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ሲዘላለፉ ድምፃቸው መንደር ድረስ ይሰማ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ወፍረህ ከወጣህ ንቧ ሳትሆን ዛፉ ነው የሚሸሽህ!»

«ከታች ሆኖ ማውራትማ አማቴም ትችላለች! ቀፎውን አቀብለኝ!»

ለስብሰባው ከወረዳ የመጣው ሰው ወጣት ነው፣ ደህና ልጅ ይመስላል። ከዋርካው ሥር ሰብስቦን ስለ ልማት ተናገረ። ፕሮጀክቱ መንገድ ያመጣል፣ ክሊኒክ ያመጣል፣ ሥራ ያመጣል አለ። «ጫካውስ?» ብሎ አንዱ ሲጠይቀው፣ «ጫካው የትም አይሄድም፤ ሳይቱን ለማየት ብቻ ነው» አለ። ሳይት ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ለስላሳ ታደለ። እኔም ነበርኩ፤ ለስላሳዬን ጠጥቻለሁ። ከዚያ ወረቀት ዞረ። «መገኘታችሁን ለማወቅ ነው፣ አቴንዳንስ ነው» አለ ልጁ። ወንድሜ የተከበረ ሰው ስለሆነ እሱ ሳይጀምር ሌላው አይጀምርም። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከሁሉም በላይ አተመ። ጎረቤቱ ተከተለ። ሌላውም ተራ በተራ አተመ።

በተከታዩ በጋ ማሽን መጣ። ለቡና ተክል ተብሎ፣ ከጅረቷ ወዲህ አንድ ቁራጭ ብቻ ሲቀር፣ ጫካው ከሥሩ ተመነጠረ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ወደቁ። እነሱ እንኳ በእርግጥ ወደቁ። ቀፎዎቹ ከነንባቸው መሬት ላይ ተፈረካከሱ። ንቦቹ ማረፊያ አጥተው በየሰው ቤት ክዳን ላይ ሲሰፍሩ፣ ሕዝቡ በጭስ ያባርራቸው ነበር።

ወንድሜ አቤት ሊል ወደ ቢሮ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ያው ልጅ ነው የተቀበለን። ወንበር ሰጠን። ፋይሉን ገለጠና በትሕትና፣ ያ ትሕትናው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ «ጋሼ፣ ማኅበረሰቡ ተስማምቷል እኮ። ይኸውልዎ፣ የመጀመሪያው ጣት የእርስዎ ነው» አለው።

ወንድሜ ወረቀቱን አላየም። ጣቱን አየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን አውራ ጣት በመዳፉ ውስጥ አጥፎ መያዝ ለመደ። መንደሩም አልማረውም። ጠጅ ቤት ሲገባ፣ «ኧረ ጣትህ ደህና ናት? ቀጥሎ የቱን ጫካ ልታትምልን ነው?» ይሉታል። «ተዉት እስቲ፣ ለስላሳ ቅዱለትና ያትምላችሁ!» ይላል ሌላው። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቀስ በቀስ ጠጅ ቤት መሄዱን ተወ። ጎረቤቱ ብቻ ነው ያልወቀሰው። «ሁላችንም አትመናል፣ ተው አንተ» ይለው ነበር። ጎረቤቱ ራሱ ግን መስቀያ ዛፍ ያጡ ቀፎዎቹን ደጁ ላይ ደርድሮ እነሱን ሲያይ ይውል ነበር።

ቀፎ በሚሰቀልበት ወራት ጎረቤቱ ሞተ።

እኔ ስደርስ አስከሬኑ ቤት ገብቷል። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ አትጮህም፣ ፊቷን አትነጭም፣ ግድግዳውን ታያለች። እኔም ወደምታይበት አየሁ። የዛፍ መወጣጫው፣ የማር ቅሉ፣ ማጨሻው በየቦታቸው ተሰቅለዋል። ማጨሻው ታጥቧል።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ማጨሻ እሳት ተደርጎበት፣ በአፍ እየተነፋ፣ ንቧን በጭስ የሚያለዝቡበት የሸክላ ዕቃ ነው። የእኛ አገር ንብ አናቢ ማጨሻውን አያጥብም። ጥላሸቱ በጥላሸት ላይ እየተጋገረ ይኖራል፤ ንቧ የጌታዋን ሽታ የምታውቀው በእሱ ነው ይላሉ። የባሏን ማጨሻ በደግነት ያጠበች ሙሽራ እናቷ ቤት ተመልሳ ተላከች እየተባለ ይሳቃል። ታዲያ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ የወደቀ ሰው ማጨሻው እንዴት ታጥቦ ግድግዳ ላይ ይገኛል? ማጨሻውን የሚያጥብ ሰው ከእንግዲህ ንብ ዘንድ አልሄድም ያለ ሰው ነው።

የእድሩ ዳኛ ገባ። ሽማግሌ ነው፣ ደግ ሰው ነው። ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ከዛፍ ወደቀ» አለ ቀስ ብሎ። «እትዬ፣ ወድቆ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ወድቆ ነው» አልኩ።

ለምን አልኩ? የእድሩ ደንብ ራሱን ላጠፋ ሰው ድንኳን አይተከልም ስለሚል ነው። ቄሱም ፍትሐት አያደርሱለትም ስለሚባል ነው። የልጆቹም ነገር አለ፤ «የእከሌ ዘር» ተብለው ትዳር ይርቃቸዋል። ስለዚህ ውሸታችን ርኅራኄ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ፍትሐት ተፈታ፣ ንፍሮ ተበላ። ሁሉም በወጉ ሆነ። ግን ሰውየው «ስለወደቀ»፣ ምን ሆኖ እንደነበር ማንም አልጠየቀም። ምን አጥቶ ነበር፣ ማን ነጠቀው፣ ያለ አንድ ሰው የለም። ቢሮ የተቀመጠው ልጅም አልሰማም፤ ቢሰማም ከዛፍ መውደቅ የእሱ ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ነው በርኅራኄያችን ለበዳዩ የሸፈንንለት።

ወንድሜን ደግሞ «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለው አልነበረም። እሱ እውነቱን ያውቃል። አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ማንኪራ በመጣሁ ቁጥር ወንድሜ እያነሰ ነው የማገኘው። ሰውነቱ ብቻ አይደለም፤ ድምፁም አነሰ። ሚስቱ «አይበላም፣ አይተኛም፣ ቡና እንኳ ለመልቀም አብሮን አይወጣም» አለችኝ። እኔስ ምን አልኩ? «በርታ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?» አልኩና ቋጠሮዬን አንስቼ ገበያዬ ሄድኩ። አገር ለአገር የምዞረው፣ የሰው ሰላምታ የማመላልሰው እኔ፣ የእናቴን ልጅ ቀና ብዬ ሳላየው አለፍኩ። በቢሮው ልጅ ስቆጣ ይህንንም አልረሳውም።

አንድ ቀን ከቢታ ገነት ስመለስ ጎራ ብል ተላጭቶ፣ የታጠበ ጋቢ ለብሶ ጠበቀኝ። ፊቱ ፈክቷል። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ማር በሳህን አቀረበልኝ።

«እታለም፣ እኔስ ሰለቸኝ» አለ። «ዛፍ መውጣት ከእንግዲህ ለወጣት ነው።»

የተረፉትን ቀፎዎች ለማን ለማን እንደሰጠ ነገረኝ። መወጣጫውን ለሚስቱ ወንድም ሰጥቷል። እኛ ዘንድ ያረጀ ንብ አናቢ ዕቃውን ለሌላ ሲያስረክብ የቤቱ ታላቅ ይመርቀዋል። ታላቅ እኔ ነኝ። እጄን ዘርግቼ፣ «ዕድሜ ይስጥህ፣ ደግ አደረግህ፣ እንግዲህ እርፍ በል» ብዬ መረቅኩት። እርፍ በል! ሰውየው መቼ አረጀ? በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ነው እኮ! ማጨሻው መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ ሸክላ መስሎ ቀልቷል።

«እሰይ! ዛሬስ ቤትህ ጽዱ ሆኗል» አልኩት።

ሳቀ። «አጠብኩት» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ እስከ መንገዱ አፍ ሸኘኝ። ጉልበቴን ሳመ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን ማለዳውም ጥሩ ነበር፣ ማሩም ሆዴ ውስጥ ነበር፣ ደስ ብሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ።

ከፀሐይ መውጣት ብዙም ሳይቆይ አንድ ጅረት ደረስኩ። ጫማዬን አውልቄ የእግሬን ጭቃ ማጠብ ጀመርኩ። ጭቃው ሲለቅ፣ የእግሬ ቆዳ ቀላ ብሎ ሲታይ፣ መደቡ ላይ ያለው ማጨሻ ፊቴ ድቅን አለ። ከዚያ የሟቹ ግድግዳ። ከዚያ ጉልበቴን መሳሙ።

ቋጠሮዬን እዚያው ጥዬ ተመለስኩ። ሮጥኩ ብል ትስቃላችሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ መሮጥ ሳይሆን እየወደቁ መነሣት ነው። ቤቱ ስደርስ ማንም የለም፤ ሚስቱ ቡና ለቀማ ወጥታለች። ወደ ኮቦው ድንበር፣ ወደ ጅረቷ ወረድኩ። እዚያ ከአባታችን ዛፎች አንዱ ለድንበር ምልክት ተብሎ ሳይቆረጥ ቀርቷል። ወንድሜ ከሥሩ ተቀምጧል። በሕይወት አለ። ጋቢውን አጣጥፎ አጠገቡ አስቀምጦታል።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። 

«ምነው ተመለስሽ?» አለኝ።

«ኮረሪማዬን ረስቼ...» ብዬ ጀመርኩ። አፌ እምቢ አለኝ። «ውሸቴን ነው» አልኩት። «ማጨሻህን አጥበኸዋል።»

ፊቱን ወደ ጅረቷ አዞረ።

«ጓደኛህም አጥቦት ነበር። አይቻለሁ። እያየሁ ወድቆ ነው አልኩ። አንተን ግን ወደቀ ብዬ ላለቅስ አልችልም። አቅሙ የለኝም።»

«በኔ ጣት ነው፣ እታለም» አለ። «ጫካው የሄደው በኔ ጣት ነው። እሱም የሄደው በኔ ጣት ነው።»

እጁን ሳብኩ። ያጠፋትን ጣት ከመዳፉ ፈልቅቄ አወጣሁና በሁለት እጄ ያዝኳት። «ይህችን ጣት ከማንም በላይ እኔ ነኝ የማውቃት» አልኩት። «ጀርባዬ ላይ ሆነህ ስትጠባት ነው ያደግከው። ቀሚሴን በምራቅ አበስብሰኸዋል። ጫካ የምትበላ ጣት አይደለችም። ጫካውን የበላው ሌላ ነው፤ ለምን በእሱ ፋንታ አንተ ትቀጣለህ?»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ያለቀሰው ልቅሶ ከጓደኛው ቀብር ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። እኔም አልከለከልኩትም። «ወንድ አይደለህ» ማለቱን ለሁልጊዜ ተውኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን አልተውነውም። ሚስቱ አለች፣ እኔ አለሁ፣ የሚስቱ ወንድም አለ። ጤና ኬላ ወሰድኩት። እዚያ ያለችው ልጅ መዝገቧን ገልጣ ተጨነቀች። «እማማ፣ ለወሊድ አለ፣ ለወባ አለ፣ ለመጸዳጃ ቤት አለ። ይሄኛው በፓኬጁ የለም» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ! መጸዳጃ ቤት የታሰበበት መዝገብ ላይ የገበሬ ኀዘን አልታሰበም። ለቦንጋ ሆስፒታል ወረቀት ጻፈችልን፤ እስከ መኪናው ድረስም አብራን መጣች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ነርስ አገኘን። በር ዘጋ፣ ወንበሩን አቀረበና ቀጥ ብሎ ጠየቀው። «ጋሼ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?»

እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ይጠየቃል? መጠየቁ ነገሩን የሚያስታውሰው መሰለኝ። ወንድሜ ግን ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁ፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው። «አዎ» አለ። «ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፣ አዎ።»

ነርሱ አልደነገጠም፣ አልገሠጸውም። ሕመም መሆኑን፣ ሕክምና እንዳለው ነገረው። መድኃኒት ሰጠው፣ መመለሻ ቀን ቀጠረው። አንድ ጥያቄ ነው እኮ! ወራት ሙሉ በዚያ ቤት ስገባ ስወጣ መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ነው።

ወደ ማንኪራ ስንመለስ የወንድሜ ሚስት በጆሮዬ፣ «ሊወድቅ ሲል ደረስሽለት እንበል» አለችኝ። ለልጆቿ ፈርታ ነው። ወንድሜን ጠየቅኩት። «ልናገር ወይስ ልተው?»

«ተናገሪ» አለ። «መደበቁ ደክሞኛል።»

የእድሩ ስብሰባ ዕለት ተነሥቼ ቆምኩ። በዚያ ስብሰባ ሴት ብዙ አትናገርም፤ ከተናገረችም ስለ ድስትና ስለ ሳህን ነው። ወንድሜ ራሱን ሊያጠፋ እንደነበር ተናገርኩ። ባለፈው የቀበርነው ጎረቤትም አልወደቀም ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ ምስጢሩ የኔ አልነበረምና።

ዳኛው ተቆጣ። «እትዬ፣ ይሄ በአደባባይ የሚወራ ነገር ነው? በእንዲህ ያለ ስም ሠፈሩን ታስጠሩታላችሁ!»

«ሠፈሩስ ከተጠራ ቆይቷል፣ ጋሼ» አልኩት። «የተጠራው ለቀብር ነው።»

አንዱ ከኋላ፣ «ፈጣሪውን የረሳ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው!» አለ። ጠጅ ቤት ወንድሜን «ቀጥሎ የቱን ጫካ» ይለው የነበረው ሰው ነው። መልስ ልሰጠው ስዞር የሟቹ ሚስት ተነሣች። ጥቁሯን አላወለቀችም። ያን ሁሉ ወራት ድምፅዋን የሰማ አልነበረም።

«የኔም ባል አልወደቀም» አለች። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማጨሻው ታጥቦ ግድግዳ ላይ ነበር። እናንተ ወደቀ ስላላችሁኝ እኔ እውነተኛውን ሞቱን አላለቀስኩም።»

ሁሉም ወደ ቄሱ ዞረ። የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፤ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲያዳምጡ ነበር። «እኔን አትዩኝ» አሉ። «በሕመም አእምሮው የታወከ ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታያል፤ ፍትሐትም ሊደርስለት ይችላል። ግን ይህን ያህል ዘመን ሳገለግል ማን መጥቶ ጠየቀኝ? ሁላችሁም ወደቀ ነው የምትሉኝ።»

ደንቡ በዚያ ቀን አልተሰረዘም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነው የተሰረዘው። ጥቂት ሰዎች እድሩን ጥለው ወጡ፤ ዳኛውም እኔን ለማናገር ጊዜ ፈጀበት። ይሁን። ደግ ሰው ነው ብያለሁ፣ አሁንም ደግ ሰው ነው። ደግነታችን ግን ሰው ሲያስቀብር እንጂ ሰው ከሞት ሲያስቀር አላየሁትም ነበር።

ወንድሜ በእግሩ ሲቆም ሦስታችን፣ እኔ፣ እሱና የሟቹ ሚስት፣ ወደዚያ ቢሮ ሄድን። ያው ልጅ ነው። ሁሉን ነገርነው። የሞተውን፣ ሊሞት የነበረውን። አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ «በጣም ያሳዝናል፣ እማማ» አለኝ። «ግን ይሄ የግለሰብ ችግር ነው። ከፕሮጀክቱ ጋር አይገናኝም። የጫካው አቤቱታ ፕሮሰስ ላይ ነው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማው ጩኸት የማን እንደሆነ መጀመሪያ አላወቅኩም ነበር። የኔ ነው። «ልጄ» አልኩት፣ «ፕሮጀክቱን ስታመጡት የማኅበረሰብ ስምምነት ነው፤ ስንሞት የግለሰብ ችግር ነው? ጣታችንን በአንድ ላይ ወስዳችሁ ሬሳችንን ለየብቻ ነው የምትመልሱልን?»

ፊቱ ቀላ። እናት ያለው ልጅ ነው፤ ያሳፈረውም መሰለኝ። ግን ማፈሩ ምን ይጠቅመናል! መዝገብ ገፋ አደረገልን። «መምጣታችሁን ላስመዝግብ፣ እዚህ ላይ ፈርሙልኝ» አለ። የቀለም ማተሚያውን ከፈተ።

ወንድሜ ማተሚያውን አየው። እኔ ፈራሁ።

«አንብብልን» አለ።

«አቴንዳንስ ነው፣ ጋሼ።»

«አንብብልን።»

ልጁ አነበበ። እውነትም የመጡ ሰዎች ስም ዝርዝር ብቻ ነው። ወንድሜ እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «እንደገና» አለ። ልጁ እንደገና አነበበ። ያኔ ወንድሜ ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ። «ደግ። መምጣታችንን ግን አንተው አይተኸናል» አለና ወጣ። እጁ ተዘርግቶ ነበር፤ ጣቱን አላጠፋትም።

ጫካው አልተመለሰም። ከጅረቷ ወዲህ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው ለባለኮቦዎቹ የተተወው፤ እሱንም በስንት ምልልስ። ይህን እንደ ድል የሚያወራ ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። የሟቹ ሚስት የባሏን ቀፎዎች እዚያ አሰቅላለች፤ የሚሰቅልላት ወንድሜ ነው፤ ከታች ሆና የምታቀብለው እሷ ናት። «ከታች ሆኖ ማውራትማ...» ይላታል አንዳንዴ፤ ቀሪውን አይጨርሰውም።

እኔም ወደ መዞሬ ተመልሻለሁ። አሁን ግን ሰላምታ ብቻ አላመላልስም። ቢታ ገነት ይሁን ሺሺንዳ፣ በገባሁበት ቤት ዝም ያለ ወንድ ካየሁ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ ያ ነርስ እንደጠየቀው ቀጥ አድርጌ። የተቆጣኝ አለ፣ «አሮጊቷ ታውካለች» ያለኝ አለ። «አዎ» ያሉኝም አሉ። ከእነሱ ጋር ወደ ቦንጋ የሚሄደውን መኪና አብሬ ጠብቄያለሁ።

ማንኪራ ስደርስ ገና ከበር ሳልገባ ማጨሻው ወዳለበት ነው የምሄደው። አነሣዋለሁ፣ በመዳፌ እዳብሰዋለሁ።

«እንደምን ዋልክ አይባልም?» ይላል ወንድሜ። «ሰው እህቱ ስትመጣ ትስመዋለች፤ የኔዋ ሸክላ ታሻሻለች!»

«ዝም በል» እለዋለሁ። በጥላሸት የጠቆረውን መዳፌን አየዋለሁ፣ ከዚያ በዚያው እጄ አቅፌው፣ ጉንጮቹን ይዤ እስመዋለሁ። ሚስቱ «ጋቢውን ዛሬ ነው ያጠብኩት!» ብላ ትጮኻለች። ትጩህ።